የመጨረሻዋ ትወጣለች ያልኩ ዕለት

ፊሽካዬን ጥርሴ መሃል ነክሼ «ሩጡ!» እያልኩ ስጮህ፣ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መግል በቋጠረ እግሯ ትሮጥልኝ ነበር። ሐኪሙ ኋላ እንደነገረኝ ሁለት ቀን ቢጨመር እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ ይቆረጥ ነበር። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ፣ ደብቄ አቆይቼ መጨረሻ ላይ ላስደነግጣችሁ ስላልፈለግሁ ነው። ሁለት ዓይን ያለው ሰው እንዴት ሳያይ እንደሚቀር ነው የምነግራችሁ። ስጽፈው ብዕሬ ወረቀቱን ይበሳብኛል። እርጅና እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው።

ይመር እባላለሁ። ወሎ ተወልጄ፣ በሰፈራው ጊዜ ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ ወደ አሶሳ መጣሁ፤ ከከተማው ወጣ ካለ አንድ የሰፋሪ መንደር ተቀምጬ ይኸው እዚሁ አረጀሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ በኩራዝ ነው። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የመድኃኒት ካርቶንና የሳሙና ልባስ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንጋደድ ፊደሉን ትታችሁ ነገሩን እዩልኝ።

በመንደራችን ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኜ ኖሬአለሁ። የሴቶቹን የእግር ኳስ ቡድን ያቋቋመው የስፖርት መምህር ወደ አገሩ ሲዛወር ኳሱንና የመጋዘኑን ቁልፍ እጄ ላይ አኑሮ «አባባ ይመር፣ አዲስ መምህር እስኪመጣ» አለኝ። ሦስት ዓመት ሆነው። አዲሱ መምህር አሁንም በመንገድ ላይ ነው። በጎረምሳነቴ ለመንደሬ ግራ ተከላካይ ነበርኩና እሺ አልኩ። ሴት ልጅ ኳስ ስትመታ አይቶ የሚስቅ ሰው ብዙ ነበር። እኔ ደግሞ በሚስቅ ሰው ፊት እልኸኛ ነኝ።

ሜዳችን ያለው በእኛ በሰፋሪዎቹና በነባሮቹ በበርታዎቹ መንደር መሃል ነው። ወዲህ ማዶ እኛ፣ ወዲያ ማዶ እነሱ፣ ዙሪያውን ቀርቀሃ፣ ከሜዳው ራስ አንድ ትልቅ ማንጎ። የጎሎቹ ቋሚም አግዳሚም ቀርቀሃ ነው። ልጆቹ አሥራ አምስት ናቸው፤ ስምንቱ የእኛ፣ ሰባቱ የበርታ። የመጀመሪያው ሰሞን የእኛዎቹ ለእኛዎቹ፣ የእነሱዎቹ ለእነሱዎቹ ብቻ ኳስ ያቀብሉ ነበር። ብናገር አልሰማ አሉ። አንድ ቀን ኳሱን ቆልፌ መቆፈሪያ ሰጠኋቸው።

«ሜዳው አረም ውጦታል። ደቦ ነው» አልኳቸው።

በመንደራችን የደቦ አለቃ ነበርኩ፤ ደቦ አውቃለሁ። አንዷን የእኛን፣ አንዷን የእነሱን እያደረግሁ በአንድ መስመር አሰለፍኳቸው። «ሰልፍ አይበጠስም። ጉልበተኛዋ ወደ ፊት ከነጎደች ደካማዋ ብቻዋን ትቀራለች፣ አረሙም በመሃል ይቀራል። በደካማዋ ልክ ቆፍሩ» አልኩ። ሦስት ቀን ቆፈሩ። በአራተኛው ቀን ኳሱን ስሰጣቸው ማን የማን መንደር ልጅ እንደሆነች ረስተው ይጫወቱ ጀመር። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ የረሳሁትም እኔ ነኝ።

የዛሬ ዓመት ሚያዝያ ላይ አሶሳ ለአሠልጣኞች የሁለት ቀን ሥልጠና ተብሎ ተጠራሁ። ሰዓት አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ወጣት «ልጆች የሚተጉት ሲወዳደሩ ነው። በሩጫ የመጨረሻዋን አስወጧት፤ የቀሩት ይነቃሉ» አለ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ስንወጣ ለእያንዳንዳችን ፊሽካና የሩጫ ሰዓት ሰጡን። እኔ በዕድሜዬ ፊሽካ ይዤ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። መንገዱን ሙሉ ባጃጅ ውስጥ ኪሴን እየዳበስኩ መጣሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ከተማ ውድድር ነበረን። አሥራ አራት ስም አስገቡ ተባልን። እኔ ያሉኝ አሥራ አምስት ናቸው። ሰኞ ሰበሰብኳቸውና ፊሽካውን ነፋሁ።

«ሐሙስ ከጎሉ እስከ ማንጎው ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። የመጨረሻዋ ትወጣለች። እስከዚያ ተዘጋጁ።»

የቡድኑ አለቃ ዘምዘም ናት፤ የእኛ መንደር ልጅ፣ አፏ ምላጭ። ሁልጊዜ የምትመልሰው አታጣም ነበር፤ ያን ቀን ወደ ኢንቲሳር አየት አድርጋ መሬት መሬት አየች። እኔ ፈሩ ብዬ ደስ አለኝ።

ኢንቲሳር የበርታ ልጅ ናት፤ ተከላካይ። ብዙ አታወራም፤ ከፊት አትታይ፣ ከኋላ አትጠፋ። አባቷ ኸሊፋ ገበሬ ነው። ልጁን ሲያስመዘግብ፣ ሴቱንም ወንድ በሚያደርግ አማርኛው፣ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር፤ «ስሙ ወረቀት ላይ ካለ ኢንቲሳር ይጫወታል። ስሙ ከወረቀት ከወጣ፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ሸርቆሌ አክስቱ ጋ ይሄዳል፣ ሱቅ ያግዛል።» ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬ ሰምቶ ልቤ ጥሎታል። ለኢንቲሳር ግን ከወረቀቱ መውጣት ማለት ከኳሱም፣ ከትምህርቱም፣ ከጓደኞቿም መውጣት ነበር።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ልምምዱ ሞተ። ምን ልበላችሁ፣ በሬ ከእርሻ ሲመለስ እንኳ እንደዚያ አይጎተትም። «ሩጡ» ስላቸው ይራመዳሉ። ኳስ አጠገባቸው ሲያልፍ እንደ እንግዳ መንገድ ይለቁለታል። አሥራ አምስቱም እኩል ሰነፉ። አንዷ ብቻ ብትሰንፍ ይገባኝ ነበር።

«ምን ሆናችኋል?» አልኩ ማክሰኞ።

«ሞቆን ነው አባባ» አለች ዘምዘም።

«አሶሳ ሙቀት የተፈጠረው ዛሬ ነው?»

«ዛሬስ ከነዘመዶቹ ነው የመጣው።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሙቀቱ እውነት ነው። ወንዶቹ ሜዳውን የሚይዙት አሥር ሰዓት ላይ፣ ነፋስ ሲመጣ ነው። ለሴቶቹ የተሰጠቻቸው ስምንት ሰዓት ናት፤ አናት የምትበሳዋ። ይህንም ነገር ያኔ ተናድጄ መናገር ነበረብኝ፤ እኔ ግን የተናደድኩት በልጆቹ ላይ ነው።

ረቡዕ ከከተማ ውድድሩን የሚያስተባብር ሰውዬ በሞተር መጣ። ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ከማንጎው ሥር ቆሞ ትንሽ አያቸውና፣

«አባባ፣ እነዚህ ኳስ ሊጫወቱ ነው ወይስ ለቅሶ ሊደርሱ?» አለኝ።

«ትንሽ ደክሟቸው ነው።»

«እሁድም እንዲህ ከሆኑ ስምንት ሰዓቷንም ለወንዶቹ ነው የምንሰጣት። ሴት ልጅ ልምምድ አትወድም፤ ምን ይደረግ፣ ተፈጥሮ ነው።»

አሁን ኀፍረቴን ልጻፍ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ወሬ ከስንቱ ጋር የተጣላሁ ሰውዬ፣ ያን ቀን «ልክ ነህ» አልኩት። ልጆቹ ሰምተዋል። ዘምዘም ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ሐሙስ መጣ። ሌሊቱን ንዴት ሳላምጥ አድሬ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሜዳ ደረስኩ። ሰዓቱን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፣ የስሞቹን ወረቀት ደረት ኪሴ ከተትኩ።

«ተሰለፉ!» ፊሽካ። «ሂዱ!»

ሄዱ። አሥራ አምስቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ሶምሶማ እንኳ በማትባል እርምጃ ሄዱ። ማንጎውን እኩል ነኩ። እኩል ዞሩ። ወደ እኔ ሲመለሱ አያለሁ፤ አንዲት ጣት የምታህል ልዩነት የለም። መስመሩን በአንድ እግር ረገጡት።

«ማናት የመጨረሻዋ?» አልኩ።

«የለችም አባባ» አለች ዘምዘም፤ «እርስዎ ይዩ።»

ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ያላገጡብኝ መሰለኝ። «እንደገና!»

እንደገና እኩል። «እንደገና!» እንደገና እኩል። ቆጠርኩ፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ላብ ከአገጫቸው ይንጠባጠባል፣ የቀዩ አፈር አቧራ ፊታቸውን አልብሶታል፤ ሰልፉ ግን አይበጠስም። በስድስተኛው አንዳንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው አየሁ። ኢንቲሳር መሃል ነበረች። ግራዋን ዘምዘም፣ ቀኟን በረኛችን ይዘዋታል። እያየሁ አላየሁም። ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር።

በሰባተኛው ዘምዘም ከፊቴ ቆመች። ከንፈሯ ደርቋል።

«አባባ፣ ይበቃል።»

«አይበቃም! አንዷ እስክትቀር ትሮጣላችሁ!»

«አንዷማ አትቀርም። ካስወጡ ሁላችንንም ያስወጡን።»

«እኔን ነው የምታስፈራሪኝ?»

«አላስፈራራሁም። የመጨረሻዋ ማናት ብለው ጠየቁ፤ ነገርኩዎ።»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ከፊታቸው ለሁለት ቀደድኩት፤ ደግሜ ለአራት ቀደድኩት። «ሁላችሁም ወጥታችኋል! ወደየቤታችሁ! ሰነፍ ሁላ! ያ ሰውዬ ያለው እውነት ነው!» ብዬ ጮህኩና ኳሱን ብብቴ ሥር አድርጌ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ጥቂት ተራመድኩ። ኮቴ አልሰማም። ዞር ስል አንዳቸውም አልተነሱም። አፈሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል።

«ሂዱ አልኳችሁ እኮ!»

አንዷ ታለቅሳለች። ቀረብኩ። ኢንቲሳር መሃል ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ይላታል። ቀኝ ኮንጎ ጫማዋ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ጫማው ቢጫ ነበር፤ ጎኑ እርጥብ ነው። ውኃ የረገጠች መስሎኝ ነበር።

«አውልቁላት» አልኩ።

«አባባ፣ አይወልቅም» አለች ዘምዘም። «አብጦ አልወልቅ ካለ ሦስት ቀኑ።»

ተንበርክኬ ላስቲኩን በሰንጢ ቀደድኩት። ሽታው መጣ። ወላሂ፣ በጉርምስናዬ ብዙ የሰው ሥቃይ አይቻለሁ፤ ያ ሽታ ግን አሸነፈኝ። ከትንሿ ጣቷ ሥር የገባ ቀዳዳ ጠቁሯል፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዱባ ተነፍቷል፤ ከዚያ ሽቅብ አንድ ቀይ መስመር በባቷ ይወጣል።

«ምንድን ነው የወጋት?»

«የቀርቀሃ ጉቶ። ባለፈው ዓርብ ለአጥር ቀርቀሃ ልትቆርጥ ወርዳ ነው። ጫማዋን በስቶ ገባ። ጫማው አልወልቅ እስኪል በጨው ውኃ እናጥብላት ነበር።»

የቀርቀሃ ጉቶ ምን እንደሆነ አገሩን የማያውቅ ላያውቅ ይችላል። ሰያፍ የተቆረጠ ቀርቀሃ ጦር ነው። ውስጥ ገብቶ ስንጥሩ ከተሰበረ ደግሞ መርዝ ነው።

«ሰባት ቀን! ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ መጮኼን አልተውኩም።

ዘምዘም እያለቀሰች፣ በንዴት እያለቀሰች፣ እንዲህ አለችኝ፤ «ሰኞ ልንነግርዎ ስንመጣ እርስዎ የመጨረሻዋ ትወጣለች አሉ! ያኔ እሷ እንዳንናገር በቁርአን አስማለችን! ከወጣች አባቷ ሸርቆሌ ይልካታል። ሁላችን እኩል ከደረስን የመጨረሻ የለም። ሰልፍ አይበጠስም ያሉን እርስዎ አይደሉም? በደካማዋ ልክ ቆፍሩ ያሉን እርስዎ አይደሉም?»

አንባቢዎቼ፣ ሰው በገዛ ቃሉ ሲመታ የሚገባበት ያጣል። አራት ቀን ሙሉ ሰነፍ ያልኳቸው ልጆች፣ ያስተማርኳቸውን አንድ ቁም ነገር እኔ ሳፈርሰው ሲጠብቁት ነበር።

የመንደራችን መንገድ ላይ ያለው ድልድይ ከተሰበረ ወዲህ ባጃጅ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ አይገባም። አስፋልቱ ለእኔ እርምጃ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ወንዶቹ ማሳ ምንጠራ ላይ ናቸው። ዘምዘም በስልኬ ለአንድ ባለባጃጅ ደውላ አስፋልቱ ላይ እንዲጠብቅ ነገረችው። እኔ «ሄጄ ሰው ልጥራ፣ ቃሬዛ የሚይዝ ወንድ» ስል በረኛችን ጎሉ ላይ ወጥታለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አግዳሚውን ላውርድ ነው። የዚያኛውንም ጎል ጭምር፤ ወንዶቹ ይጩሁ!»

የሁለቱንም ጎል አግዳሚ አወረዱ። ኩታዬን ዘረጉት፣ ሻሾቻቸውን ፈትተው በሁለቱ ቀርቀሃ መሃል ቋጠሩት፤ ቃሬዛ ሆነ። በእኛ አገር ቃሬዛ ወንድ ነው የሚሸከመው። ሴት ቃሬዛ ስር ስትገባ አይቼ አላውቅም። ኢንቲሳርን አንስተው ሲያጋድሟት «አባባ፣ ኳስ ሜዳ ላይ እንዳይቀር» አለችኝ። እግሯ እየነደደ ኳሱ ነው ያሳሰባት።

ከዚያ ሮጡ።

እነዚያ የሚጎተቱት፣ እነዚያ ለቅሶ ደራሾቹ፣ ሮጡ! አራት ከፊት፣ አራት ከኋላ፣ የቀሩት በጎን እየሮጡ ትከሻ ይቀይራሉ። ሲቀያየሩ ቃሬዛው አንዲት ስንዝር አይዘነበልም። ሰባት ጊዜ ማንጎውን ነክተው የተመለሱ እግሮች ናቸው። መንገድ ላይ አህያ የሚነዳ ሰው አጋጠማቸውና ደንግጦ «ማን ሞተ?» ሲል ዘምዘም ሳትቆም «ማንም አልሞተ! አህያህን ዞር አድርግ!» ስትለው ሰማሁ። የሰማሁት ከሩቅ ነው። አልደረስኩባቸውም። ኳሴን ታቅፌ፣ ሰዓቱ ደረቴን እየመታኝ፣ ትንፋሼ እያፏጨ ከኋላ ቀረሁ። አቧራቸው ብቻ ይታየኛል።

አስፋልቱ ስደርስ ኢንቲሳር ባጃጁ ውስጥ ጭንቅላቷን ዘምዘም ጭን ላይ አድርጋለች። ባለባጃጁ «ምንድን ነው የምንጠብቀው?» እያለ ይነጫነጫል። ዘምዘም «አባባ አልደረሱም። ትልቅ ሰው ከሌለ አያስገቡንም» ትለዋለች። አሥራ ሦስቱ መንገዱ ዳር ቆመው እየተወላከፍኩ ስመጣ ያዩኛል። የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። ሁሉም አውቀዋል። አንዳቸውም አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ነርስ እግሩን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ሰባት» አለች ዘምዘም።

«ዛሬ ምን ስትሠራ ነበር?»

ዘምዘም የኢንቲሳርን ግንባር ጠረገች። ወደ እኔም አላየችም። አልጠቆመችብኝም።

«ትሮጥ ነበር» አልኩ። «አሠልጣኟ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? አያቷ መስለውኝ ነበር። አባት፣ ዓይንዎ ያያል?»

«ያያል።»

«ታዲያ ምን ሲያይ ነበር?»

«ሰዓት» አልኳት።

ወደ ውስጥ ወሰዷት። ሁለት ሰዓት ያህል በር ላይ ተቀመጥን። ሰዓቱን ከአንገቴ አወለቅሁት፤ ደግሜም አላጠለቅሁትም። ሐኪሙ ወጥቶ የጥፍር ያህል ስንጥር በፋሻ ጠቅልሎ አሳየኝ። ትንሿ ጣቷ እንደማትድን፣ እግሯ ግን እንደተረፈ፣ ሁለት ቀን ቢያልፍ ሌላ ነገር ያወራ እንደነበር ነገረኝ። ዘምዘም ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ አባቷ ኸሊፋ ደረሰ። ልጆቹ ነግረውታል። ሰላምታም ሳያቀርብልኝ አጠገቤ ተቀመጠ።

«‹የመጨረሻ ይወጣል› ያለ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ሽማግሌ ነህ። ፍየል እንኳ ሲያነክስ ሰው ያያል። አንተ ልጅ አታይም?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ዝም አይልም። «ልክ ነህ፣ አላየሁም። አንተም ግን ‹ስሟ ከወጣ ሸርቆሌ› ብለሃታል። እኔ በፊሽካ ነዳኋት፣ አንተ በአክስቷ። እሷ በመሃላችን ምን ታድርግ?»

ተነሣ። የሚመታኝ መሰለኝ፤ ቢመታኝም አልሸሽም ነበር። ቆሞ ቆሞ ተመልሶ ተቀመጠ። የጥምጣሙን ጫፍ ዓይኑ ላይ አደረገ።

«ያ ሼህ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ኢንቲሳር ቤት ውስጥ፣ እኔ ፊት፣ ሰባት ቀን ሳያነክስ ሄደ። ውኃ ቀዳ። እንጨት አመጣ። እኔ አባት ነኝ። እኔም አላየሁ።»

ሁለት ዕውሮች ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ስንገባ ነቅታለች። አባቷን አየች፣ እኔን አየች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጣቷ አይደለም።

«አባባ፣ ስም አለ? የኔ ስም ወረቀት ላይ አለ?»

ወረቀቱ አራት ቦታ ተቀዶ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ኸሊፋ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ነርሷን ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ለመንኳት። ገልብጬ ጭኔ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ቀስ ብዬ፣ ፊደሉ እየተንጋደደብኝ፣ «ኢንቲሳር ኸሊፋ» ብዬ አንደኛ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ዘምዘም። ከዚያ ሌሎቹን ሁሉ። አሥራ አምስት ሆነ። ኸሊፋ ማንበብ አይችልም፤ «የትኛው ነው ኢንቲሳር?» አለኝ። ጣቱን ይዤ ስሟ ላይ አስቀመጥኩለት።

«እንግዲህ ስሙ አለ» አለ። «ሸርቆሌ ኸላስ።»

ቅዳሜ ካርቶኑን ይዤ ከተማ ወረድኩ። ባለ መነጽሩ ሰውዬ አገላብጦ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው? የመድኃኒት ካርቶን?»

«የስም ዝርዝር ነው።»

«አሥራ አራት ነው የተባለው። ይሄ አሥራ አምስት ነው።»

«ልጆቹ አሥራ አምስት ናቸው።»

«ደግሞ ይህቺ አንደኛዋ ሆስፒታል የተኛችው አይደለችም? ሰርዛት እንጂ።»

«አልሰርዝም።»

«አባባ፣ አትጫወትም እኮ!»

«አትጫወትም። ስሟ ግን አይወጣም። ማልያ አሥራ አራት ነው የሰጣችሁን፤ አሥራ አራት ይለብሳሉ፣ አንዷ አልጋ ላይ ናት። ምን ጎደለብህ?»

ወንበር ስቤ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አልተነሣሁም። በመጨረሻ «ሽማግሌ ከሚያስቸግር ጎርፍ ይሻላል» ብሎ ማህተሙን መታው።

እሁድ ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ግን እንዴት እንደሮጡ ባያችሁ! ሲያልቅ ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ መጣ። «እነዚህ ያን ቀን ያየኋቸው ናቸው?» አለኝ።

«ናቸው። ያላየናቸው እኛ ነን» አልኩት።

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። በየሻይ ቤቱ «የዛሬ ሴት ልጅ ሰነፍ ናት፣ ሥራ አትወድም» የሚል ሰው ስሰማ ተነሥቼ እጣላለሁ። መምህር ብትሆን፣ አባት ብትሆን፣ እንደኔ ፊሽካ የሰጡህ ብትሆን፣ ልጅህ እግሯን ስትጎትት «ሰነፍ» ከማለትህ በፊት ጎንበስ በልና ጫማዋን አስወልቃት። ጫማዋ ውስጥ ምንም ካላገኘህ ከዚያ በኋላ ተናገር። እኔ አራት ቀን ጮኼ ያላወቅሁትን፣ ብጎነበስ በአንዲት አፍታ አውቀው ነበር። ለልጆቹም ተናድጄ ነግሬአቸዋለሁ፤ ሰልፍ ማለት ደካማዋን ደብቆ መሄድ አይደለም፣ «ቁሙ፣ ሰው ወድቋል» ብሎ መጮህም ነው። እግር አይደበቅም። ገብቷቸዋል። ሜዳውን አሥር ሰዓት ላይ እንዲሰጡን አሁንም እየተጨቃጨቅሁ ነው። ዛሬ ነገ ይሉኛል። እዚያም ወንበር ስቤ መቀመጤ አይቀርም።

ኢንቲሳር በሁለተኛው ወር በአባቷ በትር ተደግፋ ሜዳ መጣች። ያን ቀን ሰበሰብኳቸውና «በሕጌ መሠረት የመጨረሻው ይወጣል። አስፋልቱ ላይ የመጨረሻው እኔ ነበርኩ» አልኩ፤ ፊሽካውን ለዘምዘም ሰጠሁና ቁልፉን ላስረክብ ኪሴን ዳበስኩ።

ዘምዘም ፊሽካውን በቀሚሷ ጠረገችው። አፏ ውስጥ ከተተችና ጆሮዬ ሥር ነፋችው።

«አባባ! ይሰለፉ!»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? እስከ ማንጎው!»

ሳቃቸው አገሩን ሞላው። ተሰለፍኩ። ግራዬ ዘምዘም፣ ቀኜ ኢንቲሳር፣ በዘጠኝ ጣቷና በአባቷ በትር። አሥራ አምስቱም ለእኔ ጉልበትና ለእሷ እግር ልክ ቀስ አሉ። አንዷም አልቀደመችም። ማንጎው ሥር ስንደርስ፣ የመጨረሻ የሚባል ሰው አልነበረም።